ደህናውን እጅ ያሰረችው

ሰሞኑን ሰፈራችንን አንድ አሳፋሪ ወሬ እየናጠው ነው። ኮሎኔሏ ልብ አላት ይባላል።

ኮሎኔሏ ጦር ሜዳ ውላ አታውቅም። ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ክፍል ውስጥ የተሰበረ የምታላምድ፣ የተኛ የምታነሳ፣ አንገቱ አልጸና ያለ ሕፃን የምታስቀምጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ማዕረጉን የሰጣት ሰፈሩ ነው። «ቀጥ በል!» ስትል፣ ከመንገዱ ማዶ ካፌ ውስጥ የተቀመጥነው ሁሉ ሳናስበው ወገባችንን እናቀናለን። በራችን ላይ ያለው የመብራት ምሰሶ እንኳ ድሮ ዘሞ ነበር፤ አሁን ቀጥ ብሏል።

ወሬውን ያመጣው ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ደብዳቤውን ተወ እንጂ ማደሉን አልተወም። እሱ እንደሚለው፣ ኮሎኔሏ ባለፈው ዓመት የልብስ ሰፊውን ሚስት በየቀኑ ከገዛ ቤቷ ታስወጣት የነበረው በጭካኔ አይደለም። ሚስትየው ራሷ ለምናት ነው። የሰፈሩን አፍ ችላ እስከ ዛሬ ዝም ያለችውም ቃል ስለገባች ነው።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም አላመንኩም፤ ለአለማመኔም ምስክር አለኝ። ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪው ትከሻው ደርቆበት እሷ ዘንድ ሦስት ሳምንት ተመላልሷል። በመጀመሪያው ቀን እናቱን ጠርቶ ጮኸ። እናቱ ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው፤ እሱ ግን «ሰምታኛለች» ይላል። ሲጨርስ እጁን እስከ ጣሪያ ማንሳት ችሎ ወጣ። «ትከሻዬን መልሳልኛለች፤ ክብሬን ግን እዚያው ፍራሽ ላይ አስቀርታዋለች» ብሎ ነገረን። እንዲህ ያለች ሴት ልብ አላት ሲባል፣ ድንጋይ አለቀሰ እንደማለት ነው።

ለማየትማ ብታዩዋት ውሃ ከጠጣ ፎጣ የማትከብድ ሴት ናት። ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ጀርባ ስትገፋ ሁለቱ አውራ ጣቶቿ አልቀዋል። አሁን የምትሠራው በክርኗ ነው። ዳቦ ጋጋሪው የክርኑን ነገር ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ጥበብ አድርጎ ያወራል። የውሃ ጠርሙሷን ክዳን የምትከፍትላት ግን የካፌያችን አስተናጋጅ ናት።

አባቷ ተሸካሚ ነበር። ማታ ከሥራ ሲገባ በደረቱ ተኝቶ ትንሿን ልጁን ጀርባው ላይ ያወጣት ነበር። «ወደ ግራ፣ የኔ ልጅ፣ እዚያው ላይ ቁሚ» ይላታል። የመጀመሪያ ታካሚዋ እሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ያልዳነላትም እሱ ነው። በኋላ ወገቡ ጨርሶ ሲሰበር እናቷ አልጋ ላይ አስተኝታ ዘጠኝ ዓመት አጎረሰችው። እጆቹ ደህና ነበሩ። ማንም ምንም ስላልጠየቃቸው ግን ቀስ በቀስ ሟሸሹ፤ ሲሞት ዝንብ የሚያባርሩበት አቅም አልነበራቸውም። ኮሎኔሏ ይህን የምትናገረው ለአዲስ ሠራተኛ ብቻ ነው፣ ያውም እንደ ትምህርት። «ያልተጠየቀ እጅ ይተኛል» ትላለች፤ ከዚያም ወደ ሥራ!

ልብስ ሰፊውን ስትሮክ የቀኝ ጎኑን መታው። ይህ ሰው የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ ኮት ያለበሰ ነው፤ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን በዓይኑ ብቻ ይለካ ነበር። ኮሎኔሏ ክፍል የገባ ዕለት ቀኝ እጁ ሆዱ ላይ ተጣጥፎ፣ ጣቶቹ እንደ ደነገጠ ሸረሪት ተሰብስበው ነበር። ሚስቱ ከኋላው ቆማለች።

«ስምዎን ይንገሩኝ፣ ጋሼ» አለችው ኮሎኔሏ።

ሚስቱ መለሰች።

«ያምምዎታል?»

«ያመዋል» አለች ሚስቱ።

«እትዬ፣ እኔ እሳቸውን ነው የጠየቅኩት።»

«እሱም ብትጠይቂው ያንኑ ነው የሚልሽ።»

እሷ ነበረች የምታጎርሰው፣ የምታለብሰው፣ አፉን የምትጠርገው። ሊያስነጥስ ሲል ቀድማ «ይማርህ» የምትል ሴት ነበረች። ኮሎኔሏ ቁልፍ የተሰፋበት ጨርቅ የተወጠረበት ሰሌዳ አቀረበችለት፤ ሕፃንም አዋቂም ጣቱን የሚያለማምድበት ነው። አጠገቡ እግሯ በብረት የተደገፈ የአምስት ዓመት ልጅ የራሷን ሰሌዳ ይዛ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ እኔ ጨረስኩ። አንተስ?»

«እኔ ቁልፍ ስቆልፍ አንቺ አልተወለድሽም!»

«እሺ፣ አሁን ተወልጃለሁ፤ ቆልፍ።»

አልቻለም። ሚስቱ እጇን ሰድዳ ቆለፈችለት። ኮሎኔሏ ይህን አየችና ሚስቱን ወደ ኮሪደሩ ይዛት ወጣች። እዚያ የተነጋገሩትን ያወቅነው በኋላ ነው፤ በማን በኩል እንደሆነ እደርስበታለሁ።

«ልጄ፣ ራሱን የሚችለው መቼ ነው?» አለች ሚስቱ።

«እርስዎ እያሉ? መቼም አይችሉም።»

«ምን አድርጌው?»

«ምን ያላደረጉት አለ! እጃቸው ለምን ብሎ ይነሳል? ሎሌ ያለው ጌታ ነው።»

ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «በሦስት ወር ይሆናል?»

«ለምን ሦስት?»

«ሐኪሞቹ ለእኔ የሰጡኝ ሦስት ነው። ጉበቴ ነው። እሱ አያውቅም።»

በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሎኔሏ ትእዛዝ ጠፋባት። ስታገኘው ደግሞ ከባድ ሆነ። ደህናው ግራ እጁ በወፍራም የምድጃ ጓንት ውስጥ ገብቶ በቀን ሁለት ሰዓት ይታሰራል። ምግብ ፊቱ ይቀርባል። የተኛው እጅ ወይ ይሠራል፣ ወይ ይራባል። ሚስት ግን በዚያ ሁለት ሰዓት ቤት ውስጥ አትገኝም፤ ከተገኘች ታጎርሰዋለች።

«እሺ» አለች ሚስቱ። «ግን ያስወጣሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ፈልጌ እንደወጣሁ ካወቀ ለምን ይላል። ለምን እንደሆነ ከደረሰበት ማንኪያ አያነሳም። አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። ሲያዝን እህል አይቀምስም፤ ሲናደድ ግን ድስቱን ይልሳል። ስለዚህ አናድጂልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እሱ በሕይወት እስካለ።»

ወደ ክፍሉ ሲመለሱ ኮሎኔሏ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸች። «እትዬ! ከነገ ጀምሮ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት እዚያ ቤት ውስጥ እንዳላይዎት!»

ልብስ ሰፊው ከታመመ ወዲህ ምላሱ ይንተባተብ ነበር። «ማን ነሽና ነው ሚስቴን ከቤቴ የምታስወጪው!» ያለው ግን አንድ ፊደል ሳይሳሳት ነው።

ቤታቸው ከካፌያችን ጎን ያለው ሕንጻ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኮሎኔሏ መንገዱን ተሻግራ ትወጣለች፣ ጓንቱን አጥልቃ ታስራለች፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ መጥታ ትፈታለች። እሷ ስትወጣ ሚስቲቱ ትወርዳለች። ካፌው ጥግ ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ሻይ አዝዛ ትቀመጣለች። ሻዩን አትጠጣውም፤ ይቀዘቅዛል፣ አስተናጋጇ ትለውጥላታለች፣ እሱም ይቀዘቅዛል። ከላይ በመስኮቱ «ሚስቴን አምጡልኝ!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ቀጥሎ ማንኪያ ወለል ላይ ሲወድቅ ይሰማል። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ጊዜ ወድቋል፤ ቆጥረናል።

እኛ ዝም ብለን ነበር ብል እዋሻለሁ። ወሬ እንደ ሊጥ ነው፣ እጅ በበዛበት ቁጥር ይለጠጣል። ሬዲዮ «ሰውየውን ፈልጋው ነው» አለ። ዳቦ ጋጋሪው «በገመድ ነው የምታስረው» አለ። እኔም፣ አልክድም፣ ገመዱን የመርከብ ገመድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሳምንት ሳይሞላ ኮሎኔሏ በሰፈሩ ስታልፍ ሴቶች ባሎቻቸውን ወደ ውስጥ የሚጠሩባት ሆነች። እሷ ዝም። ሚስትየውም ጀርባዋን ሰጥታን ዝም። ሁሉንም ትሰማ ነበር።

አንድ ቀን ማንኪያው መውደቁን አቆመ። ሚስትየው ተነሥታ ወጣች፤ ትንሽ ቆይታ ተመለሰች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ገቡ እንዴ?» አለቻት አስተናጋጇ።

«አልገባሁም። በቀዳዳ አየሁት። አፉን ሳህኑ ላይ ደፍቶ ይልሳል… ሸሚዙ በሾርባ ርሷል። እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነበር።» ቀዝቃዛውን ሻይ እንደ መድኃኒት በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። «ከገባሁ የሦስት ወሩን ሥራ በአንድ ጉርሻ አፈርሰዋለሁ።»

ያን ዕለት ነው ለአስተናጋጇ ሁሉንም የነገረቻት፣ «ለማንም» ብላ አስምላ።

በስምንተኛው ሳምንት አንድ ማንኪያ አፉ ደረሰች። ጩኸቱን መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ሰማው፦ «ይኸው ለኮሎኔሏ!» ሚስትየው ጥግ ላይ ሆና ሳቀች፤ ሳሉ እስኪያቋርጣት ሳቀች። በአሥራ አንደኛው ሳምንት መጨረሻ ወንበሯ ባዶ ሆነ።

የቀብሩ ጠዋት ዘመድ ሁሉ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ልብስ ሰፊው ክፍሉ ውስጥ ሸሚዙን እየለበሰ ነው፤ ማንም እንዳይነካኝ ብሏል። ኮሎኔሏ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ አርባ።

የሟች ወንድም ትዕግሥቱ አለቀ። «ሴትዮ፣ ዞር በይ! ሰውየውን እናልብሰው። ቀብር ይጠብቃል እንዴ?»

«ይጠብቃል» አለች። «እሳቸው እንደሆነ ከእንግዲህ አይቸኩሉም።»

ደረጃው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ «ኤዲያ!» አለ። ልብ የሌላት መሆኗን ያን ጊዜ በጽሑፍ ያስመዘገብነው ያህል ነበር።

በሃምሳኛው ደቂቃ በሩ ተከፈተ። አምስቱም ቁልፎች ተቆልፈዋል፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ተዛንፈው አንገቱ ጋ ጨርቁ ተርፏል። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነው እንግዲህ። ሊያስተካክልለት የደፈረ የለም። ኮሎኔሏ ፊት ቆመ።

«አንድ መቶ ሃምሳ አራት ሰዓት» አላት። «ከመጨረሻ ቀኖቿ ላይ የሰረቅሽኝ። ቆጥሬዋለሁ።»

«ሦስተኛው ተዛንፏል» አለችው። «ነገ ይደግሙታል።»

ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊው በየቀኑ በአራት ሰዓት ይወርዳል። የሚስቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀኝ እጁ ሻይ ይጠጣል። አንድ ብርጭቆ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ግማሹም ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። መርፌ ዳግመኛ አይዝም፤ ይህን እሱም ያውቃል። «ይህቺን ሴትዮ ቀብሬ ነው የምሞተው» ይላል። ለዚያ ሲል ይበላል፣ ለዚያ ሲል ይላጫል፣ ለዚያ ሲል ይቆልፋል።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ አስተናጋጇ ዓመት ሙሉ የቋጠረችውን ባለፈው ሳምንት ለሬዲዮ ፈታችለት። ለሬዲዮ! ያኔ ጠረጴዛው ሳቀ ብያለሁ። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። ከሁላችን ፊት ያ ወደ ግድግዳ የዞረ ጀርባ ድቅን አለ፤ የመርከብ ገመዱም እኔን አንገቴን ያዘኝ።

ትናንት ኮሎኔሏ ጠርሙሷን ለማስከፈት ገባች። ልብስ ሰፊው ጥጉ ላይ ነበር፣ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደ አፉ እየወሰደ። ሬዲዮን ጎኑን ጎሸምኩት፣ እግሩን ረገጥኩት፤ ምን ሲደረግ!

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የልብስ ሰፊው ሚስት ራሷ ለምናሽ ነው ከቤት የወጣችው ይባላል፤ እንደምትሞት አውቃ፣ እሱ እጁን እንዲለምድ ብላ። እውነት ነው?»

አስተናጋጇ የጠርሙሱን ክዳን ይዛ ደረቀች። ጥጉ ላይ ብርጭቆው አየር ላይ ቆመ። ሻዩ ከብርጭቆው ጠርዝ እስኪፈስ ድረስ ቆመ። ልብስ ሰፊው ኮሎኔሏን አያት፤ ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አይቷት አያውቅም።

ኮሎኔሏ እሱን አላየችውም። ብርጭቆውን አየች፣ የያዙትን ጣቶች አየች፤ አውራ ጣቱ መላላት ጀምሯል።

«ሲስተር አይደለሁም» አለች። «የሰማኸውም ሁሉ ውሸት ነው። ማንም አልለመነኝም። እሳቸው እያለቀሱ ነው የወጡት፤ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢሆን አስወጣቸዋለሁ።»