ስልኩ ያሳጠረው ዳገት

አባቴ ሌባ ሲባል የሰማሁት የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። በሰማያዊ ላዳው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ዘናጭ ሴትዮ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ዋጋ ጠየቀችው፤ ነገራት፤ «እናንተ ሌቦች» ብላው ሄደች። እሱ ፈገግ ብሎ መስኮቱን ዘጋ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የዋጋ ክርክር ሲነሳ ፊቴ ይቀላል። ሱቅ ገብቼ እንኳ የተጠራብኝን ከፍዬ ነው የምወጣው፤ እናቴ «እንዳንቺ ያለውን ደንበኛ ነጋዴ ተስሎም አያገኘው» እያለች ትስቅብኛለች።

ኮምፒውተር ተምሬ ወጣሁ። ሲግናል አካባቢ፣ ከአንድ የቀለም መሸጫ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ አራት ሆነን የታክሲን ሂሳብ በሳተላይት የሚያሰላ የስልክ ፕሮግራም መሥራት ጀመርን። ለሌሎቹ ሥራ ነበር፤ ለእኔ የአባቴ ስም ማጽጃ ነበር። ስልኩ ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ይቀበላል፣ የተሄደውን ኪሎ ሜትር ይደምራል፣ ዋጋውን ያወጣል። ክርክር የለም፣ ስድብ የለም። ዘመኑ ሰው ሁሉ ስማርት ስልክ መያዝ የጀመረበት፣ ኢንተርኔቱ ግን ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበት ነበር፤ በተዘጋ ቁጥር እኛም ቢሮውን ዘግተን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር።

አባቴ በኪሎ ሜትር አያምንም። የላዳዋ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ እኔ ሳልወለድ ነው የቆመው። እሱ ዋጋ የሚያወጣው በማርሽ ነው። ከሲግናል ኮተቤ «የአራተኛ ማርሽ መንገድ» ነው፤ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ጠመዝማዛ ደግሞ «የሁለተኛ፣ ሲብስም የአንደኛ»። ዋና ገበያው ያ ዳገት ነበር። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ አባቴ ግን ወር በገባ በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት መሆኗን ከማንም ጸበልተኛ ቀድሞ ያውቃል። የዚያን ቀን ባዶ ጀሪካን የያዙ እናቶችን ሽቅብ ሲያወጣ፣ ጸበል የሞሉትን ሲያወርድ ይውላል።

እሱን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ «አንቺ ካልሽ» ብሎ ስልኩን ከመሪው አጠገብ ሰቀለ። በዚያም አላበቃ፤ ሲግናል አብረውት ተራ የሚጠብቁትን አራት የላዳ ሾፌሮች ሰብስቦ «የልጄ ሥራ ነው፤ በኔ ይሁንባችሁ» አላቸው። አባቴ በሰው ፊት እንዲህ አፉን ሞልቶ ሲናገር አይቼው አላውቅም። አራቱም በእሱ ቃል ገቡበት።

ብዙም ሳይቆይ ሾፌሮቹ ማጉረምረም ጀመሩ፦ ስልኩ ካርድ ይበላል፣ ባትሪ ይጨርሳል። እውነታቸውን ነበር፤ በየጥቂት ሰኮንዱ ቦታውን ይጠይቅ ነበርና። እኔ በደቂቃ አንዴ ብቻ እንዲጠይቅ፣ በመሃል ያለውን ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ እንዲሞላው አደረግሁት። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ሞከርኩት፤ ልክክ አለ። ቀኑን ሙሉ በኩራት ተወጥሬ ዋልኩ። ዳገቱን አልሞከርኩትም። ያደግሁበትን እንጀራ ያበላኝን ዳገት ረሳሁት።

በወሩ አሥራ ስድስት ጠዋት ቢሮ ተቀምጬ የአባቴን ላዳ ካርታው ላይ ፈለግኋት። ትንሽ ነጥብ ናት። ከፈረንሳይ በላይ ስትደርስ አስፋልቱን ትታ በባሕር ዛፉ ላይ ዘለለች፣ ሌላው ጥምዝ ላይ አረፈች፣ ደግሞ ዘለለች። ላዳዋ እየዞረች ትወጣለች፤ ስልኩ በአየር ይሄዳል። አባቴ ቤንዚን አቃጥሎ የዞረውን ጥምዝ ሁሉ የእኔ መስመር ቆርጦ ጥሎታል።

ወዲያው ለአለቃችን ነገርኩት፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። «ሪላክስ፤ ስንት ሰው ነው እንጦጦ የሚወጣው?» አለኝ። ዛሬ ፓርክ ሆኖ ከተማው ሁሉ የሚጎርፍበት ተራራ ያኔ እንዲህ ይባል ነበር። «ገንዘብ የሚያስገቡት ሰዎች መጥተው ይዩት፣ ከዚያ በሚቀጥለው ቨርዥን ታስተካክዪዋለሽ። እስከዚያ ምንም እንዳትነኪ።» እሺ አልኩ። እሱን መውቀስ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ለአባትሽ እንዳትነግሪ አላለኝም። ከአባቴ የደበቅሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ወር የተቀመጥኩበት ወንበር ሁሉ ይቆረቁረኝ ነበር። ካርታውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ መልሼ እከፍታለሁ። ነጥቧ ወደ ዳገቱ ዞር ስትል ተነስቼ ደረጃው ላይ ቆሜ እመለሳለሁ። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ «ሂሳቡ እንዴት ዋለ?» እለዋለሁ። «ደህና ነው» ይለኛል፣ ዓይኑን ከዜናው ሳያነሳ። አንድ ምሽት ልነግረው ወስኜ ተነሳሁና ውኃ ጠጥቼ ተቀመጥኩ። ደግሜ ተነሳሁ፤ ደግሞ ውኃ። «ምን ሆነሻል፣ ስኳር ያዘሽ እንዴ?» አለችኝ እናቴ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔዋ እውነት ግን እያደረች ትደፈርስ ነበር። በኔ ይሁን ብሎ የቆመልኝን ሰው ምን ብዬ ልንገረው?

አንድ ጠዋት እናቴ ምሳ ስትቋጥርለት አየሁ። አባቴ ምሳውን ሁልጊዜ ከሾፌሮቹ ጋር ነበር የሚበላው። «የውጭ ምግብ ጨጓራዬን አመመኝ አለ» አለችኝ። አባቴ ጨጓራ አሞት አያውቅም።

የሚቀጥለው አሥራ ስድስት ቅዳሜ ዋለ። «ዛሬ አብሬህ ልዋል» አልኩት። አየት አድርጎኝ በሩን ከፈተልኝ። ፈረንሳይ ላይ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን ይዘው ከኋላ ገቡ፤ የቆዩ ደንበኛው ናቸው። ላዳዋ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች መውጣት ጀመረች። እኔ ዓይኔን ከስልኩ መንቀል አቃተኝ። ጥምዝ በመጣ ቁጥር ኪሎ ሜትሩ ቆም ይልና ትንሽ ይጨምራል፣ ቆም ይልና ትንሽ ይጨምራል። ላይ ስንደርስ ሴትዮዋ አንገታቸውን አስግገው ዋጋውን አዩና ሳቁ።

«ይሄ ዕቃህ ዛሬም ዳገቱን አላየውም» አሉት። ከመቀነታቸው ፈትተው ድሮ የሚከፍሉትን ዘረጉለት።

«የለም እማማ፣ እሱ ያለውን ብቻ ይክፈሉ።»

«ቤንዚኑንስ ማን ይከፍልልሃል?»

«እሱ ያለውን» አለ እንደገና፣ ወደ እኔ ሳይዞር።

ሴትዮዋ መርቀውት ወረዱ። በሩ እንደተዘጋ መናገር ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ስሕተት አለው። ጥምዙን እየቆረጠ ነው የሚያሰላው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ካወቅሁ ወር ሆነኝ።»

«እኔም ካወቅሁ ወር ሆነኝ» አለ። «ሃያ ዓመት የወጣሁት ዳገት ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ሰዎቹ ሲሰጡህስ ለምን አትቀበልም?»

ላዳዋን ወደ ቁልቁለቱ አዞራት። «በሰው ፊት ዕቃው ውሸታም ነው ካልኩ፣ ልጄ ውሸታም ናት ማለቴ ነው። አንቺ ራስሽ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። በየምሽቱ ሂሳቡ እንዴት ዋለ ስትዪኝ፣ ዛሬስ ልትነግረኝ ነው እል ነበር።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፤ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ቁልቁለቱን ጀምረን መንገዱ ሲጋመስ «ሰኞ ጠዋት አስተካክለዋለሁ፤ አለቃዬን አልጠይቅም፣ ቢያባርረኝም ያባርረኝ» አልኩት።

«እሱ የማሽኑ ነው፤ የሰዎቹ ይቀራል» አለኝ።

ቤት የሚወስደኝ መስሎኝ ነበር። መታጠፊያችንን አልፎ ሲግናል ገባ። አራቱ ላዳዎች ግንቡን ተጠግተው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ አንዷ መኪና ላይ ተደግፈው ያወራሉ። እኛን ሲያዩ ወሬያቸውን አቆሙ። አባቴ ሞተሩን አጠፋ።

«እነሱም ያውቃሉ» አለኝ። «ታገሡ፣ ራሷ መጥታ ትነግራችኋለች ብያቸው ነው እስከ ዛሬ የቆዩት። ምሳ አብሬያቸው መብላት ያፈርኩትም ለዚሁ ነው። በይ ውረጂ።»

ወረድኩ። በዕድሜ ከሚበልጠው ጀመርኩ።