ቬልዳ የመረጠችው ይወድቃል

በኮርበን ክሪክ በቆሎው ታጭዶ ማሳው ራሰ በራ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ከመሬት ያነሳና ወደ ቅርጫቱ ያዞራል። ሌላው የኢንዲያና ከተማ በመጋቢት የሚደረገውን የኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ውድድር ማን እንደሚያሸንፍ የሚተነብየው መጋቢት ከገባ፣ ማን ከማን እንደሚገናኝ ከተነገረ በኋላ ነው። ኮርበን ክሪኮች ግን ይህን የፈሪ ሥራ ይሉታል። "ልጁ ከተወለደ በኋላ ወንድ ነው፣ ሴት ናት ማለት ምኑ ትንቢት ነው?" ይላሉ። እነሱ የሚተነብዩት በኅዳር ነው፤ ቡድኖቹ አንድ ሁለት ጨዋታ ብቻ ተጫውተው፣ አዳዲሶቹ ልጆች ገና የጓደኞቻቸውን ስም ሳይለምዱ።

ቦታው የኖርሊን ቁርስ ቤት ነው። ኖርሊን የጓዳውን ግድግዳ በቡናማ ወረቀት ትሸፍንና የጥሎ ማለፉን ሰንጠረዥ ታሰምርበታለች። መስመሮቹ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ እየተጋጠሙና እየጠበቡ መጥተው መሀል ላይ አንዲት ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። የሻምፒዮኑ ስም የሚጻፈው እዚያች ሳጥን ውስጥ ነው። ወረቀቱ የበረዶውን ክረምት በሙሉ የእንቁላል ቅባትና የቡና ጠብታ እየጠጣ እስከ መጋቢት ይሰነብታል።

በዚያ ወረቀት ላይ ቬልዳ ክሩምራይ ሳትጽፍ ማንም አይጽፍም። እሷ ከጨረሰች በኋላ ነው ሌሎቹ የየራሳቸውን ግምት በትናንሽ ወረቀት ጽፈው ከጎኑ የሚለጥፉት።

ቬልዳ ባሏ ከሞተ የቆየ፣ ሰባን ያለፈች ሴት ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች። ዛሬ በኖርሊን ቤት ተቀምጦ ድንች ጥብሱን የሚያላምጠው ጎልማሳ ሁሉ በሷ አውቶቡስ ውስጥ ያለቀሰ፣ ያስመለሰ፣ ወይም መስኮት የሰበረ ነው። አሁን በከተማው ዊትሎ ኮሌጅ የስፖርት አዳራሽ ፈንዲሻ ትሸጣለች። ማሽኗ የቆመው ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ስለሆነ እዚያ አንድም ጨዋታ ዓይታ አታውቅም፤ የምትከታተለው በጆሮዋ ነው። ሕዝቡ "ሆ!" ካለ ገብቷል፤ "ኧረ!" ካለ ስቷል። ዝም ካለ ደግሞ ዳኛው ያልሆነ ነገር ፈርዷል፣ ስድቡ እየመጣ ነው።

የምትመርጥበት መንገድ የራሷ ነው። በቴሌቪዥን አሠልጣኙን ታየዋለች፤ ልጆቹን የሚያመናጭቅ ከሆነ ይቀራል። ተጫዋቾቹ ውኃ ያቀበላቸውን ሰው ካመሰገኑ ያልፋሉ። በዚህ ዓይነት የመረጠቻቸው ቡድኖች ያሳዝናሉ። አንዱ ስሙን ማንም ሰምቶት በማያውቅ ኮሌጅ በመጀመሪያው ቀን ተሸነፈ። የአንዱ ግማሾቹ ተጫዋቾች ጉንፋን ይዟቸው አልጋ ላይ ዋሉ። አንዱማ ከነጭራሹ ከውድድር ታገደ። ቬልዳ ግን ቅር አይላትም። "ደግ ሰው ሁልጊዜ አያሸንፍም" ትላለች። የመጀመሪያው ተራ የሷ መሆኑ ይበቃታል። በበረዶ፣ በጭጋግ ልጆቻቸውን በሰላም ስላመላለሰች ያከበሯት ይመስላታል። በኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ እጇን ሲመለከት፣ ዓመቱን ሙሉ የምትቀመጥበት ኩርሲ ከዙፋን አያንስባትም።

ዘንድሮ ነገሩ ተበላሸ፤ ያበላሸውም ፍቅር ነው።

ቬልዳ የፎቁን ክፍል ለኮሌጁ ተጫዋች ታከራያለች። ዘንድሮ የገባው ዴዝሞንድ ኦክስ የሚባል፣ ጌሪ ከምትባል ከተማ የመጣ ልጅ ነው። ቁመቱ ከበሩ ስለሚበልጥ በመጣ በሳምንቱ ግንባሩ አብጦ ዋለ፤ ቬልዳም የሟች ባሏን ትራስ በበሩ ጉበን ላይ በሚስማር መታችለት። የጨዋታ ቀን ሲወጣ እበሩ ላይ ቆማ፣ "ጎንበስ በል፣ ቀና በል፣ አግባ!" ትለዋለች። እሱም ጎንበስ ብሎ ይወጣል፣ ውጭ ቀና ይላል፣ ማታ ደግሞ ያገባል። ዊትሎ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ወደ መጋቢቱ ውድድር ገብቶ የማያውቅ ኮሌጅ ነው፤ ለመግባት የአካባቢውን ሊግ ማሸነፍ አለበት። ዘንድሮ ግን ገና ከጅምሩ የሚያጓጓ ሆነ።

ያን ቅዳሜ ቬልዳ ማርከሯን ይዛ ግራ ቀኙን ሞልታ መሀሏ ሳጥን ላይ ደረሰች። ዊትሎን ከግራው ጥግ አንሥታ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ትልልቁን ሁሉ እያስጣለች ስታመጣው ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። እሷ ጸጥታው አክብሮት መሰላት። በሳጥኗ ውስጥ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንደጻፈች የሌስተር ሹካ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ሌስተር ሃግ የእህቷ ባል ነው፤ በቆሎ ገበሬ፣ ድምፁ እንደ ትራክተሩ።

"ቆይ! ቆይ አንቺ ሴትዮ! እጅሽን አንሺ!"

"ምን ሆነሃል? ጊንጥ ነደፈህ?"

"ዊትሎን አትጻፊ! ሌላ ማንን ፈለግሽ ጻፊ፣ የራሳችንን ልጆች ግን ለቀቅ አድርጊ!"

"ለምን? የራሴን ቡድን ብመርጥ ምን ነውር አለው?"

"ሌስተር፣ ተው" አለ ፓስተር መንሰን፣ ሸክላ ሳህኑን እያየ።

"ምኑን ልተው ፓስተር? አንተም ታውቀዋለህ! ቬልዳ፣ እቴ፣ አንቺ የመረጥሽው ሁሉ ይወድቃል! ይኸው ስንት ዓመት አንቺ የጻፍሽውን እያየን እኛ ተቃራኒውን እንጽፋለን። አንቺን የምናስቀድምሽ ለምን መሰለሽ?"

ይህን ብሎ አፉን በእጁ ከደነ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ሊመልሰው ቢፈልግም አልቻለም።

ቬልዳ ወደ ኖርሊን ዞረች። "እውነቱን ነው?"

ኖርሊን ምድጃውን መጥረግ ያዘች። የተጠረገ ምድጃ ነበር። "እትዬ ቬልዳ፣ እንደሱ አይደለም... ማለቴ፣ በመጥፎ አይደለም። ደሞ በጣም ነው የጠቀምሽን" አለች።

"ፓስተርስ? እርስዎም?"

"እኔ... አንዳንድ ጊዜ" አለ ፓስተሩ። "በአብዛኛው አንዳንድ ጊዜ።"

ቬልዳ የማርከሩን ክዳን ዘጋች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ኮቷን ለብሳ ወጣች። በሳጥኗ ውስጥ አንድ ፊደል ብቻ ቀረ።

ያ ፊደል ክረምቱን በሙሉ የከተማው ራስ ምታት ሆነ። እሷ ሳትጨርስ ሌላው መጻፍ ነውር ነው፤ ልማድ ነው። ወረቀቱን ቀድዶ መጣልም የባሰ ጦስ ያመጣል ብለው ፈሩ። አንድ ፊደል እንደ ሙሉ ስም ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለው ክርክር ጓደኛሞችን አኳረፈ። ሌስተር በዚያ ፊደል የሚጀምሩ ሌሎች ኮሌጆችን እየቆጠረ ራሱን ያጽናና ነበር።

ቬልዳ ቁርሷን በቤቷ መብላት ጀመረች። የመጀመሪያ ተራዋ መቀለጃ መሆኑ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር የሚቆረቁራት። ያመነችባቸውን ቡድኖች አንድ በአንድ አሰበቻቸው፤ እውነትም ሁሉም ወድቀዋል። እንግዲህ ምኞቷ ሰው ይጎዳ ይሆን? ዴዝሞንድንስ? ከዚያ ወዲህ የጨዋታ ቀን ሲወጣ እበሩ ላይ አትቆምም። ጓዳ ገብታ ድስት ታንኳኳለች። በፈንዲሻ ማሽኗ አጠገብም ሕዝቡ የልጁን ስም ሲጠራ፣ ሳታስበው እንዳትመኝለት፣ ስለ ቲማቲም ታስባለች። ችግኙ መቼ ይወጣል፣ ቀንድ አውጣ ይበላው ይሆን እያለች።

ወሬው ደግሞ ከከተማ ወጣ። አንድ ቀን ከሌላ ከተማ፣ ከቴንብሮክ፣ አንድ ሰውዬ በጢስ የደረቀ የአሳማ ጭን ይዞ በሯን አንኳኳ።

"እማማ፣ የኛን ባላንጣ ቡድን ሻምፒዮን ብለው አንድ ቦታ ቢጽፉልን፣ በካርቶን ላይም ቢሆን..."

"አንተ ባለጌ! እኔን ጠንቋይ አደረግኸኝ? ጥፋ ከዚህ!"

ሰውየውን አባረረች፤ የአሳማውን ጭን ግን አስቀረች። ዴዝሞንድ በሁለት ቀን ጨረሰው።

ዊትሎ ማሸነፉን ቀጠለ፤ ዴዝሞንድ ግን ወደ ሊጉ ማለቂያ ግድም መሳት አበዛ። በተለይ ማንም ሳይነካው ብቻውን ቆሞ በሚወረውራት ነፃ ውርወራ ላይ። ሕዝቡ "ኧረ!" ባለ ቁጥር ቬልዳ፣ ስለ ቲማቲም በደንብ አላሰብኩም ማለት ነው እያለች ራሷን ትወቅሳለች።

የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ በሚደረግበት ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ወደ ጓዳ መጥቶ ከድስቶቹ መሀል አገኛት።

"እማማ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምን ታጠፋለህ? ሂድ፣ ብላ።"

"ታዲያ ለምን ተቀየምሽኝ? እበሩ ላይ አትቆሚም፣ 'ጎንበስ በል' አትይኝም። ልወረውር ስቆም እኮ እሷን ነው የምላት፤ በሆዴ። አሁን 'ጎንበስ በል' ስል ድስት ሲንኳኳ ነው የሚሰማኝ።"

ቬልዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የኅዳሩን ሁሉ ነገረችው፤ ቲማቲሙንም ጭምር። ልጁ የጓዳው በር ላይ ጎንበስ እንዳለ እስኪያልቅ ሰማት፤ ከዚያ በሳቅ ቀና ሲል ትራስ ካልተመታበት ጉበን ጋር ተጋጨ።

"ይኸው!" አለች ደንግጣ። "ነግሬሃለሁ!"

"እማማ፣ ይሄ እንጨት ነው፤ አንቺ አይደለሽም" አለ ግንባሩን እያሸ። "ስስት እኔ ነኝ የምስተው። ሳገባም እኔ ነኝ፣ ይሄን ደሞ ለማንም አልሰጥም። ኮትሽን ልበሺ። ሄደሽ የጀመርሽውን ትጨርሺያለሽ።"

ኖርሊን ቤት ሲገቡ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ቬልዳ ማንንም ሳታይ ወደ ወረቀቱ ሄደች፤ ማርከሯን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ፊደሏ አጠገብ አስጠጋችው። አልጻፈም። ክረምቱን ቦርሳ ውስጥ ደርቋል።

"ምልክት ነው!" አለ ሌስተር ተነሥቶ። "እግዜር ራሱ ከለከላት!"

"ተቀመጥ ሌስተር" አለች ቬልዳ። "አውቶቡሴ ውስጥም ስትቆም እንዲህ ነበር የምልህ።"

ቦርሳዋን በረበረች። ለፋሲካ ብቻ የምትቀባው ቀይ ሊፒስቲክ አላት፤ እሱን አወጣች። ፊደል በፊደል፣ ወፍራም አድርጋ፣ የዊትሎን ስም በሳጥኗ ውስጥ ሞላችው። ሌስተር ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋ። ፓስተር መንሰን ቀስ ብሎ "ጌታ ሆይ፣ የሚያደርጉትን አያውቁም" ሲል ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ቬልዳ ፈንዲሻዋን እየሸጠች ጆሮዋን አቆመች። ሆ፣ ኧረ፣ ሆ፣ ስድብ፣ ሆ። ማለቂያው ላይ ሆ የለ፣ ኧረ የለ፤ ሁሉም ጸጥ አለ። ሰምታው የማታውቀው ጸጥታ ነበር። ማሽኗን እንዳለ ትታ ደረጃውን ወጣች።

ዴዝሞንድ ብቻውን ቅርጫቱ ፊት ቆሟል። ዊትሎ በአንድ ነጥብ ተበልጧል፤ ለልጁ ሁለት ነፃ ውርወራ ተሰጥቶታል፤ ከዚያ ወዲያ ጊዜ የለም። ቬልዳ ስለ ቲማቲም አላሰበችም። ያን ሁሉ የአውቶቡስ ጩኸት በለመደ ጉሮሮዋ፣ "ጎንበስ በል!" ብላ ጮኸች።

ልጁ ጉልበቱን አጠፈ፤ ቀና አለ፤ ወረወረ። ገባ። እኩል ሆኑ።

በዚህ መሀል የተተወው ፈንዲሻ ማረር ጀመረ። ጢሱ ከመቀመጫዎቹ ሥር እየተግተለተለ ወጣ። ዳኛው አነጠሰ። አሠልጣኞቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ዴዝሞንድ ሽታውን አወቀው፤ ቤትም ስታሳርር ያውቃታልና ፈገግ አለ። እየሳቀ ሁለተኛዋን ወረወረ።

"ሆ!"

ዊትሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መጋቢቱ ውድድር ገባ። ሌስተር ቬልዳን አቅፎ ከመሬት ካነሳት በኋላ፣ ያሸነፍነው በጢሱ ነው ብሎ ሲምል አመሸ።

በውድድሩ ግን የደረሳቸው ከአገሩ ሁሉ አንደኛ የተባለው ቡድን ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ በአርባ አንድ ነጥብ ልዩነት ተሸንፈው፣ አልቅሰው ተመለሱ።

አውቶቡሳቸው ሲገባ ቬልዳ ምግብ ሠርታ ትጠብቅ ነበር። ዴዝሞንድ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ተቀመጠ። ሦስተኛ ሳህን ላይ ሲደርስ እንደምንም ጠየቀችው።

"እውነቱን ንገረኝ። የኔ እጅ አለበት?"

ልጁ አላምጦ ዋጠ። "እማማ፣ ሁለት ሦስት ነጥብ ቢሆን እጠረጥርሽ ነበር። አርባ አንድ ነጥብ ግን ሊፒስቲክ አያደርሰውም።"

በማግስቱ ቬልዳ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኖርሊን ቤት ቁርሷን ልትበላ ሄደች። ክርክሩ ጦፏል።

"ሻምፒዮን ብላ ጻፈች፤ በመጀመሪያው ቀን ወደቁ!" ይላል ሌስተር። "ተመስገን! ዓለም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም!"

"በኅዳር እኮ ዊትሎ ውድድሩ ውስጥ ይገባል ያለ ከሷ በቀር ማንም አልነበረም" ይላል ፓስተሩ። "እኔ ራሴ አላልኩም።"

ቬልዳ ገባች። ሌስተር ኪሱን ዳብሶ አንድ ማርከር አወጣ። አዲስ ነው፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም። ኩርሲዋ ፊት አስቀመጠው።

"ለኅዳር" አለ፣ ወደ ሌላ እያየ። "አንቺ ትቀድሚያለሽ።"

"ተቃራኒውን ልትጽፉ?"

"ታዲያስ! ሌላ ምን ጥበብ አለን?"

ቬልዳ ማርከሩን አገላብጣ አየችው። ኩርሲዋ ላይ ተደላድላ ወጣች፤ ክዳኑን ነቀለች። እንደሚጽፍ ለመሞከርም የሌስተርን ኮፍያ ከራሱ ላይ ሳብ አድርጋ፣ በኮፍያው ፊት ለፊት፣ በትልቁ፣ "ዊትሎ" ብላ ጻፈችበትና መልሳ ደፋችለት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌስተር ግን ቁርሱን ጨርሶ ወደ ማሳው ሲሄድ ኮፍያውን አላወለቀም። ትራክተሩ ላይ ሊወጣ ሲል ብቻ፣ የጠራ ሰማይ ቢሆንም፣ መብረቅ እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብሎ አየ።