የሐጂ ጃማ ቁጥር አልወርድ አለ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዶክተር ጉሌድ ከእኔ ይልቅ ማሽኑን ነበር በክብር ያስተዋወቀኝ። ፎቶሜትሩ፣ ደም የሚለካው ማሽን፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ከላዩ ንጹሕ ነጭ ፎጣ ለብሷል። እኔ ከድሬዳዋ ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ በቶጎ ውጫሌ ሀርጌሳ ድረስ አቧራ ጠጥቼ መጥቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። "ይሄ ከአውሮፓ ነው የመጣው፤ አደራ" አለኝ። እኔም ከሩቅ ነው የመጣሁት፣ ግን ለእኔ አደራ ያለ ሰው አልነበረም።

ክሊኒኩ ሀርጌሳ ውስጥ 26 ጁን የሚባል ሰፈር ነበር። የሶማሊያው የእርስ በርስ ጦርነት አፍርሶት እንደገና የቆመ ቤት ነው። ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ላይ ያሉት የጥይት ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ተደፍነው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶባቸዋል። እንዳይታዩ ተብሎ ቢደፈኑም ሲሚንቶው ስላበጠ ቀዳዳዎቹ ከድሮው የበለጠ ይታዩ ነበር። መብራት የምናገኘው ጓሮ ካለው ጀነሬተር ነው።

"ከአንቺ በፊት የነበረው ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ለምን እንደሄደ ታውቂያለሽ?" አለኝ ዶክተር።

"አላውቅም።"

"ውጤቱን ሰው አላመነውም።"

በዚያው ገባኝ። በእኛ ሥራ ደም መቅዳት ያቃተው ሰው ይማራል፤ ያልታመነ ሰው ግን ሻንጣውን ነው የሚያነሳው። እኔ ደግሞ እናቴ ጋ ድሬ ሁለት ልጆች ትቻለሁ፤ የሚበሉትም የሚማሩትም በዚህ ወንበር ነው።

አዲስ ማሽን ሲገባ ባለሙያው መጀመሪያ በራሱ ደም ይሞክረዋል። የክሊኒኩ ነርስ ክንዴን በጎማ አስራ ደም ቀዳችልኝ። ደሙ ቱቦ ውስጥ እስኪረጋ ጠበቅኩ፣ ሴንትሪፉጅ በሚባለው ማዞሪያ ውስጥ አሽከረከርኩት፣ ከላይ የቀረውን ቢጫ ውሃ በፒፔት፣ በቀጭኗ መምጠጫ፣ ጠብታ የምታህል ወስጄ ከመመርመሪያው ፈሳሽ፣ ከሪኤጀንቱ ጋር ቀላቀልኩት። አሥር ደቂቃ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ሮዝ ይሆናል። ሮዝነቱ በበረታ ቁጥር ኮሌስትሮሉ ብዙ ነው፤ ማሽኑ ቀለሙን አይቶ ቁጥሩን ይናገራል። የእኔ 174 ወጣ፤ ከሁለት መቶ በታች ስለሆነ ደህና ነው። ደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ "ፈቲያ፣ 174" ብዬ ጻፍኩ። ዶክተር አየና "ጎበዝ ማሽን" አለ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራዬ ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ አክታ ነበር። ኋላ ከተማው ማገገም ጀመረ። ቤት ተሠራ፣ ሱቅ ተከፈተ፣ ስልክ ገባ። ስልክ ሲገባ ኮሌስትሮልም አብሮ ገባ። ውጭ ያሉ ልጆች እየደወሉ "አባዬን ኮሌስትሮል አስመርምሩልኝ" ይላሉ። ቦምብ ያልጣላቸው፣ በእግራቸው ድንበር ተሻግረው በእግራቸው የተመለሱ ሽማግሌዎች በልጆቻቸው ትእዛዝ ቅቤ መፍራት ጀመሩ። ፈሩ ስል፣ ፈራን ይላሉ፤ ሲበሉ ግን አይቻቸዋለሁ።

ሐጂ ጃማ የመጣው ያኔ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ መኪናውን ትቶ አሁን የሚነዳው ወሬ ብቻ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ተሰዶ ካምፕ ገባ፣ ከካምፕ ወጥቶ ድሬ ኖረ፤ አማርኛውን ከነአቦው የለቀመው እዚያው ነው። አንቱ ስለው ይቆጣኛል። "ድሬ ማን አንቱ ይላል? ሽማግሌ ልታደርጊኝ ነው?" ይለኛል። አንተ አልኩት።

"አቦ ፈቲያ፣ ቀስ ብለሽ ውጊኝ። ይሄ ደም ከጦርነት የተረፈ ነው።"

"ቁርስ በልተሃል ሐጂ?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ ምን?"

"ጉበት።"

መለስኩት። ሁሉንም ዓይነት ስብ ለመለካት ባዶ ሆዱን መምጣት ነበረበት። በማግስቱ ፊቱን እንደ ተበደለ ሰው አጨማዶ በባዶ ሆዱ መጣ። ኮሌስትሮሉ 296 ነበር።

ዶክተር አስቀምጦ አስረዳው። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ቱቦ እያጠብኩ እሰማለሁ።

"ይሄ ቁጥር ብቻውን በሽታ አይደለም" አለው። "ሌላ ሰው ብትሆን መጀመሪያ ስለ ምግብህና ስለ እግር ጉዞ ነበር የማወራህ። ያንተ ልብ ግን አምና ደረትህን ይዞህ አንዴ አስጠንቅቆሃል። ሁለተኛ ላያስጠነቅቅህ ይችላል። ስለዚህ ኮሌስትሮል የሚቀንስ፣ ስታቲን የሚባል ክኒን ትጀምራለህ። በየቀኑ ማታ አንድ ፍሬ።"

"እስከ መቼ?"

"ዕድሜ ልክህን።"

"ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ ሚስት?"

ዶክተር አልሳቀም። እኔ ቱቦው ከእጄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም።

ክኒኑን ውጭ ያለችው ልጁ በመንገደኛ ትልክለታለች። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ፤ 291። ዶክተር ግንባሩን ቋጠረ።

"ክኒኑን ትወስዳለህ?"

"ወላሂ አንድም ፍሬ አልተጣለም። እሽጉ ይኸው።" ባዶ እሽጎቹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

ዶክተር መጠኑን እጥፍ አደረገው፣ በቀን ሁለት ፍሬ። ሌላ ሦስት ወር ሄደ። 293።

ያን ቀን ዶክተር ወደ ላብራቶሪ ገብቶ በሩን ዘጋ። በሩን ሲዘጋ አይቼው አላውቅም ነበር።

"ፈቲያ፣ ክኒኑ ከጥሩ ፋብሪካ ነው የመጣው። ሐጂም እሽጉን አሳይቷል፤ ሐጂ አይዋሽም። የቀረሽው አንቺ ነሽ።"

"ማሽኑስ?"

"ማሽኑ ከአውሮፓ ነው።"

ሪኤጀንቱ ሙቀት እንዳልነካው፣ በበረዶ ሳጥን እንደመጣ፣ ማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር እንዳለው ነገርኩት። እሱ እኔን ሳይሆን የማሽኑን ፎጣ ነበር የሚያየው።

"የልብ በሽተኛ ነው። ቁጥሩን አምኜ መጠን ጨምሬበታለሁ። በሚቀጥለው ወር እንደገና ትለኪዋለሽ። ካልተስተካከለ ከናይሮቢ ሌላ ባለሙያ አስመጣለሁ።"

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ተናደድኩም። ስንት ዓመት ሙሉ በእኔ ቁጥር ሰው እያከመ፣ የአንድ ሽማግሌ ቁጥር አልወርድ ሲለው ጥፋቱ እኔ ላይ ወረደ። ልጆቼ ፊት "ተባረርኩ" ስል ራሴን አየሁት።

ፋብሪካው ቁጥሩን ጽፎ የሚልከውን መቆጣጠሪያ ናሙና ለካሁ፤ ልክ ነው። የራሴን ደም ለካሁ፤ 177። ደብተሩን ይዤ ዶክተር ጋ ሄድኩ።

"ይኸው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልዩነቱ ሦስት ብቻ ነው" አልኩት።

"አንቺና ማሽኑ ተላምዳችኋል" ብሎ ደብተሩን መለሰልኝ።

በዚያው ሳምንት ዋርሳሜ የሚባል፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር የሚኖር የፍየል ነጋዴ ጭኑን እያሸ መጣ። ዕድሜው ከሐጂ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ጡንቻዬን ይቆረጥመኛል አለ። ደም ከመቅዳቴ በፊት ሁሉንም ሰው የምጠይቀውን ጠየቅኩት።

"የምትወስደው መድኃኒት አለ?"

"የለም። ጤነኛ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ተራዬ ሲደርስ የጃማን ክኒን ብቻ።"

ጎማውን ክንዱ ላይ እንዳሰርኩት ቀረሁ።

"ተራዬ ማለት?"

"በአራት ቀን አንዴ ነዋ። ዛሬ የኔ አይደለም።"

ጎማውን ፍቺልኝ እስኪለኝ ድረስ አልፈታሁለትም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ፣ በሚኒባስ አሕመድ ዳጋህ ሄድኩ። ዋርሳሜ የነገረኝ፣ እነ ሐጂ ጃማ የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ከመንገዱ ዳር ነው፤ አግዳሚ ወንበር፣ የሸራ ጥላ። ቆሜ አየሁ። ሐጂ ጃማ ከሽርጡ እጥፋት ውስጥ እሽጉን አወጣ። ሁለት ፍሬ ፈለቀቀ። አንዷን በቀኙ ላለው፣ አንዷን ከፊቱ ለተቀመጠው ሰጠ። ሁለቱም "ቢስሚላህ" ብለው በወተት ሻይ ዋጡ። ሐጂ እሽጉን አጥፎ መለሰ። የእሱም ተራ አልነበረም ማለት ነው።

"ሐጂ" አልኩት።

ቀና ብሎ ሲያየኝ ማርሽ እንደጠፋበት ሾፌር ሆነ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ፣ ሻይ ታዘዘልኝ። ጠጣሁም፤ ተናድጄ ነበር፣ ግን ሻይ ሻይ ነው።

"ስንት ናችሁ?"

"መጀመሪያ አራት ነበርን" አለ። "ዶክተሩ እጥፍ ሲያደርግልኝ ሌሎቹ አራቱም ገቡ። ቅር ብሏቸው ነበር።"

ቁጥሩ ለምን ንቅንቅ እንዳላለ ተቀምጬ አሰላሁት። አንድ ፍሬ ለአራት፣ ሁለት ፍሬ ለስምንት። ዶክተር መጠን ሲጨምር ሐጂ ሰው ይጨምራል። የእኔ ማሽን እውነቱን እየተናገረ በሐሰት ተከሷል።

"አንተ ነህ እንጂ ልብህን የታመምከው። ለምን ታድላለህ?"

የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። ከዚያ በእጁ ጓደኞቹን ዞሮ አሳየኝ።

"ከዚህ ስንሸሽ አንድ ጀሪካን ውሃ ነበረን። ለስምንታችን። በቆርኪ እየለካን ጠጥተን ነው ድንበር የደረስነው። ከራሱ ቆርኪ ላይ ቀንሶ ለልጄ የሰጠ ሰው ይኸው ተቀምጧል። ልጄ ማለት ያቺ ክኒኑን የምትልከው ናት። አሁን እኔ እነሱ እያዩኝ ዕድሜ የሚያስቀጥል ነገር ብቻዬን ልዋጥ? አይወርድልኝም ፈቲያ። ወላሂ አይወርድልኝም።"

የተዘጋጀሁበትን ንግግር ተውኩት። ዓይኔን ዕንባ ሞላው፣ ሻዩን አነሳሁ።

"እሺ" አልኩት። "ግን እኔ በዚህ ነገር ከሥራዬ ልባረር ነው።"

"አንቺ? አንቺ ምን አደረግሽ?"

"ቁጥርህን እውነቱን ተናገርኩ።"

ዶክተሩ ለልጄ ይነግርብኛል ብሎ ፈርቶ እንደደበቀ ነገረኝ። እኔ አልናገርብህም፣ ራስህ ትነግረዋለህ አልኩት። ሌሎቹ በሶማልኛ ተንሾካሾኩ። ዋርሳሜ ጭኑን እያሸ "ሁላችንም እንሄዳለን" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ስምንቱም የክሊኒኩ አግዳሚ ላይ በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ በባዶ ሆዳቸው ተደርድረው አገኘኋቸው። ዶክተር የመጡት ለሽምግልና መስሎት ደነገጠ። ሐጂ ተነስቶ ነገረው። ዶክተር መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። እኔን አላየኝም።

የስምንቱንም ደም ቀዳሁ። ከዚያ ዶክተር ውጤታቸውን ይዞ አንድ በአንድ ጠራቸው። አንደኛው ስኳርና ደም ግፊትም ስለነበረው የራሱ ክኒን ታዘዘለት። ቁጥራቸው ከፍ ያለ ግን ሌላ ሕመም የሌለባቸውን በምግብና በእግር ጉዞ እንዲጀምሩ መከራቸው። ዋርሳሜን ክኒኑን አቁም አለው፤ ቁርጥማቱ ከእሱ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ስታቆም እናየዋለን። የሁሉም ታላቅ የነበሩትን ሰማንያ የተሻገሩ ሽማግሌ "በእርስዎ ዕድሜ ይሄ ክኒን ምን ያህል እንደሚጠቅም በእርግጠኝነት ልነግርዎት አልችልም፤ በደንብ ይብሉ፣ ይንቀሳቀሱ" አላቸው። እሳቸው በጣም ተደሰቱ። "እኔስ መቼ ፈለግኩት? ጃማ ቅር እንዳይለው ብዬ ነው" አሉ።

ለሐጂም መፍትሔው ቀላል ሆነ። እሽጉ ከሽርጡ ወጥቶ ወደ ሚስቱ ወደ ሐጃ ሳህራ ሳጥን ገባ። ማታ ማታ ቤቱ፣ እሷ ፊት ይውጣል። ጓደኞቹ አያዩም። መጠኑም ወደ አንድ ፍሬ ተመለሰ።

ከሦስት ወር በኋላ ለካሁት። 204። ወረቀቱን ዶክተር ጋ ወሰድኩ።

"ማሽኑ ተሻለው" አለ።

"ማሽኑ አልታመመም ነበር።"

ወረቀቱን አጣጠፈው። ከዚያ ሳያየኝ "ናይሮቢ አልደወልኩም ነበር" አለኝ። ይቅርታው ይቺ ነበረች። ተቀበልኳት፤ ሌላ እንደማትመጣ አውቅ ነበር።

ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ጡረታ ወጣሁ። በመጨረሻው ቀን፣ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ የራሴን ደም ለካሁ። 271። ሪኤጀንቱ ሙቀት ነክቶታል አልኩ፣ አዲስ ከፈትኩ። 269። ፒፔቱ ነው አልኩ፣ ቀየርኩ። 270። ማሽኑ አርጅቷል ብዬ ፎጣውን እያለበስኩት ሳለ ዶክተር በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ ነበር።

"ምን አለሽ?" አለኝ።

"ማሽኑ ሳይበላሽ አይቀርም።"

"ከአውሮፓ እኮ ነው የመጣው" አለ፤ እኔ ስቄ ሳልጨርስ ደም ግፊቴን መለካት ጀመረ።

አሁን ድሬ ነኝ። ግፊቴ፣ ስኳሬና ከአባቴ የወረስኩት የልብ ሕመም ስጋት ተደምረው እኔም በየማታው አንድ ፍሬ እውጣለሁ። ባለፈው ሐጂ ጃማ ደወለልኝ። ከስምንቱ ሁለት ቀርተዋል፣ እሱና ዋርሳሜ። ስለ ክኒኑ ነገርኩት።

"ብቻሽን ነው የምትውጪው?" አለኝ።

"ብቻዬን ነው ሐጂ።"

"አይዞሽ" አለኝ፣ የምሩን።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ቁጥር አልወርድ ሲላችሁ ማሽኑን ፈትሹ፣ ሪኤጀንቱን ፈትሹ፣ ከዚያ ሰውየውን ክኒኑን ማን እንደዋጠው ጠይቁት።