የሰብለ ትንኞችና የእኔ ቅናት

ሥራ የጀመርኩ ቀን የወባ ክፍል ኃላፊው አቶ ይርጋ ረጅም እጀታ ያለው ነጭ ጭልፋ አስጨበጡኝና ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወደ ወንዛዬ መንደር ይዘውኝ ወረዱ። ጉማራ ወንዝ ዳር ካቆረው ውኃ ጨለፉና አሳዩኝ። «ይሄ የሚወራጨው የትንኝ እጭ ነው። ውኃው ላይ ጋደም ካለ የወባዋ ነው፤ ቁልቁል ከተንጠለጠለ የሌላ ነው» አሉኝ። እኔ እጩን ትቼ «ጫማዬ ረጠበ» አልኳቸው። «ገና መች ረጠበና!» አሉኝ።

የትንኝ መድኃኒት በየቤቱ በመርጨት ጀመርኩ፤ የረጪዎች አለቃ ሆንኩ፤ በመጨረሻ የነፍሳት ቴክኒሽያን ተባልኩ። ሥራው ማለዳ ሰው ቤት ገብቶ፣ ግድግዳ ላይ ያረፈችውን ትንኝ በባትሪ ፈልጎ፣ በመምጠጫ ቱቦ ሳብ አድርጎ በመረብ ወደተሸፈነ ኩባያ ማስገባት ነው። ቱቦው ውስጥ ወንፊት ስላለ ትንኟ አፍ አትገባም። ይህን ለሕዝቡ ማስረዳት ግን አልሆነልኝም። «ያ ትንኝ የሚበላው ሰውዬ መጣ» ይሉኝ ነበር።

ሰብለ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ የተመደበችው እኔ በሥራው ጥርሴን ከነቀልኩ በኋላ ነው። የነቀምት ልጅ ናት። አማርኛዋ ከእኛው ለየት ይላል፤ እሷም አትደብቀውም። ቱቦ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። «ጋሼ አስማረ፣ እንዲህ ነው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ ደስ ትለኝ ነበር። ያኔ አልቀናሁባትም።

ከዚያ ሥልጠናው መጣ። ውጭ አገር፣ ዘረመሉ በቤተ ሙከራ ስለሚለወጥ የወባ ትንኝ የሚሰጥ ትምህርት ነው። የተፈቀደው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ለሰብለ ነው የተሰጠው» አሉኝ አቶ ይርጋ።

«እኔስ?»

«አንተማ እዚህ ታስፈልገናለህ።»

እዚህ ታስፈልገናለህ! ሰውን ሊያስቀሩት ሲፈልጉ ነው እንዲህ የሚሉት።  ቤቴ ገብቼም ከሰው ጋር መነጋገር አስጠላኝ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ስትመለስ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ አመጣችልኝ። አመስግኜ ተቀበልኩና ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በአሮጌው ባትሪዬ መሥራቴን ቀጠልኩ።

ቢሮ ሰብስባ ያየችውን አስረዳችን። «ወንዱ ትንኝ ሰው አይነክስም። የእሱን ዘረመል ይለውጡና ከሴቷ ጋር ሲገናኝ ለውጡ ወደ ልጆቹ እንዲሻገር ያደርጋሉ። አንዱ ዘዴ ሴቶቹ ልጆች ሳያድጉ እንዲሞቱ ማድረግ ነው። ሌላው ወባውን መሸከም እንዳይችሉ ማድረግ ነው። ሁሉም ገና እየተሞከረ ነው» አለች። ሁሉም አፉን ከፍቶ ሰማት። ይባስ ብሎ አቶ ይርጋ «ቡና ይምጣልሽ ወይ ብላችሁ ጠይቋት እንጂ፣ ደክሟታል!» ብለው ለእሷ ወንበር ሳቡላት። ለእኔ ወንበር የሳበልኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

ብዙም ሳይቆይ የዚህን ትንኝ ጥናት የሚመሩት ሰዎች የወንዛዬን ትንኝ ከነሕይወቷ ፈለጉ። የአገሩ ትንኝ ዘር በደንብ ሳይታወቅ የሚለወጥ ነገር የለም። መንደሩ ቤቱን ካልከፈተልን ሥራው ወደ ሌላ ዞን ይሄዳል፤ የእኛም የትንኝ ማርቢያ ክፍል ይዘጋል። ያችን ክፍል የደብረ ታቦር ብርድ ትንኞቹን እንዳይፈጅብን ስንጥቋን እየደፈንኩ፣ ማሞቂያ እየተከልኩ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ለሰብለ ስል ሳይሆን ለክፍሌ ስል አብሬ ወረድኩ።

ሰዉ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። የመንደሩ ተሰሚ ሰው መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ፣ ንብም ያነባሉ።

«ትንኝ ልትለቁብን ነው የመጣችሁት?» አሉ።

ሰብለን ቀድሜ ተነሣሁ። «ኧረ መሪጌታ፣ ምንም ችግር የለውም! አንቱ እኮ ያውቁኛል።»

«አውቅሃለሁ እንጂ! ምንም ችግር የለውም ብለህ ረጭተህ ንቤን የፈጀኸው አንተ አይደለህ?»

ሰዉ ሳቀ። ከመርጨቴ በፊት ቀፎውን ከግድግዳው አውርዱ ብዬ ነበር፤ ዛሬም ይህንኑ እላለሁ። ግን ማን ይስማኝ!

ሰብለ ተነሣች። «ዛሬ የመጣነው ከየቤቱ ትንኝ ለመልቀም ነው። የምንለቀው ትንኝ የለም» አለችና ቢሮ ያስረዳችንን ሁሉ ደገመችላቸው።

«ፈጣሪ የሠራውን መለወጥ ድፍረት አይሆንም ወይ?»

«እሱን አንቱ ያስተምሩኝ እንጂ እኔ አላውቅም፣ መሪጌታ። ልጆች በወባ እንደሚሞቱ ግን አውቃለሁ።»

«ንቡንስ?»

«ትንኝ ከንብ ጋር አይዳቀልም፤ ለውጡ ወደ ንብ አይሻገርም። ትንኟ ስትቀንስ ሌላ ምን ይከተላል ካሉኝ ግን ገና እየተጠና ነው። አላውቅም።»

አለቀልን አልኩ በሆዴ። አላውቅም እያሉ ሰው ማሳመን አለ እንዴ! ክፍሌ ሊዘጋ እንደሆነ እያወቅሁም፣ አበላሸችው ብዬ ደስ አለኝ። ቅናት እንዲህ ያደርጋል።

መሪጌታ «አላውቅም የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ገና ዛሬ አየሁ!» አሉ። «ግቡ፣ ልቀሙ። የምትለቁ እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሩን። እሷው ትምጣ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ደግሞ ሳጥኑን ያዝላት» አሉኝ።

ያዝኩላት። ያን ሁሉ ዘመን በረገጥኩት ደጅ የእሷን ሳጥን ተሸክሜ ገባሁ። መሪጌታ ሲመርቋት እንኳ «ልጄ» ነበር የሚሏት።

ሰብለ ብዙም ሳትቆይ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረች። ሽኝቷ ላይ ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ መሄዷ ነበር ያስጨበጨበኝ።

በቀጣዩ የወባ ወቅት ወንዛዬ ብቻዬን ወረድኩ። መሪጌታ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ልጅቷስ?»

«አዲስ አበባ ተዛወረች።»

ከበሩ ፈቀቅ አላሉም። «ትንኙ ተለቀቀ?»

ምንም ችግር የለውም ልል አፌን ከፈትኩ። እንደዚያ ብል በሩ እንደሚዘጋ ፊታቸው ላይ አየሁ።

«አልተለቀቀም። ይለቀቅ አይለቀቅም እኔ አላውቅም፣ መሪጌታ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ይሄን ከእሷ ነው የተማርከው?»

ሳልወድ «አዎ» አልኩ።

«በል ግባ» አሉኝ። ገብቼ ከግድግዳው መልቀም ጀመርኩ።

እናንተም ዘንድ የሚበልጣችሁ ሰው ይመጣል፤ መቅናታችሁም አይቀርም። እየቀናችሁም ቢሆን አሠራሩን ውሰዱ። እኔ ጡረታ ወጥቼም በሰብለ እቀናለሁ።