ቅዳሜ የነቀልኳቸው ሁለት ገመዶች

ከጀጎል ወጥቼ፣ ሸዋ በርን አልፌ፣ አዲሱ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት እሠራ ነበር። እግሬ ማረፍ ስለማይወድ የጠዋቱ መንገድ ራሱ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከአንዷ ጋር ሰላምታ፣ ከሌላዋ ጋር ወሬ፣ ስደርስ ረፍዷል።

በዚያ ዓመት አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ከድሬዳዋ መጥታ ተቀጠረች። ገና በሙከራ ላይ ነበረች። የኢንተርኔቱ መስመር አንድ ብቻ ስለነበር ኃላፊው፣ "ለሁሉም ቢሮ አዳርሺው፤ እስከ ሰኞ ካልሠራ ግን አብረን አንቀጥልም" አላት። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፈታ ገመድ የሚሰካበት ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ስትጨምርበት አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ሁለት ምን ያደርግላታል?" አልኳት።

"አንዱ ወደ ውጭ፣ አንዱ ወደ ውስጥ ነው፣ እማማ። ቢሮዎቹ የሚፈልጉትን ለዚህች ይነግሯታል፤ እሷ ከውጭ ታመጣላቸዋለች። ፕሮክሲ ሰርቨር ትባላለች።"

"ታዲያ እንደኔ ናት በይኛ! የሰፈሩ አራስ ሁሉ ገበያ የሚልከው እኔን ነው።"

"እርስዎ መንገድ ላይ ወሬ ይዘው ይቀራሉ፤ እሷ ቶሎ ትመለሳለች" ብላ ሳቀችብኝ።

ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ቢሮ ኢንተርኔት አገኘ። አልሐምዱሊላህ ብለን ተለያየን።

ቅዳሜ ብቻዬን ገባሁ። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። እኛ ጀጎል ውስጥ ያን ጊዜ ቤት ስናጸዳ ከላይ ከላይ ማበስ የለም፤ የግድግዳው ሳህንና ስፌት ሁሉ ወርዶ፣ ጸድቶ ይመለሳል። ቢሮውንም እንደዚያው አደረግሁት። የዚያችን ኮምፒውተር ጀርባ አቧራ ሞልቶት ባይ ሁለቱንም ገመድ ነቅዬ ጠረግሁና መልሼ ሰካሁ። ቀዳዳዎቹ አንድ ዓይነት፣ ገመዶቹም አንድ ዓይነት። ቀጭ ሲሉ ገቡ ማለት ነው አልኩ።

ሰኞ ኢንተርኔት የለም። ኃላፊው በር ላይ ቆሞ፣ "እስከ ዘጠኝ ሰዓት" ብሏት ሄደ። እሷ ምሳም ሳትበላ የሠራችውን ከላይ እስከ ታች ደጋግማ ታያለች። ወለል ልጠርግ ስገባ ለራሷ፣ "ዓርብ ሠርቷል፤ ማንም አልነካውም" ስትል ሰማኋት። ክው አልኩ። ከሥራ ልባረር እንደምችል ገብቶኛል፤ ግን የእሷስ?

"ልጄ፣ እኔ ነክቼዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ገመዶቹን። ነቅዬ ጠርጌ መለስኳቸው።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም። ረመዳን መጣ አይደል እንዴ!"

መሬት ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች። "ወይ እማማ! ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ስሰድብ ዋልኩ" አለችና አቀያይሬ የሰካኋቸውን ገመዶች፣ የውጩን ወደ ውጩ፣ የውስጡን ወደ ውስጡ ቀዳዳ መለሰች። ትንሽ ቆይቶ ከጎን ቢሮ፣ "መጣ! መጣ!" ሲሉ ተሰማ።

ኃላፊው መጥቶ ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቃት።

"ገመድ ተቀያይሮብኝ ነው፣ ጋሼ" አለች። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

"ገመድ መለየት ካቃተሽማ..." ሲል አላስችል አለኝ።

"ወላሂ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ፣ ለረመዳን ሳጸዳ" አልኩት።

እሷን አየ፣ እኔን አየ። "እማማ፣ ከእንግዲህ የዚህችን ጀርባ ለዒድም ቢሆን እንዳይነኩ" አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ "አንቺ ደግሞ የቅጥር ወረቀትሽን ነገ አምጪ፤ እፈርማለሁ" አላት።

ከቤት የቋጠርኩትን ምሳ ፈትቼ ከእሷ ጋር አብረን በላን። ያን ቀን እኔ እንኳ ወሬ አላበዛሁም።