ጀልባዋ ላይ ስንት ሰው አለ?

ዛሬ የጉምሩኩ ሰው በስልክ «ጀልባዋ ላይ ስንት ሰው አለ?» ቢለኝ «ሁለት» አልኩት።

ከአሜሪካ በኩል ሐይቁን በሸራ ጀልባዬ ተሻግሬ ቶሮንቶ መድረሴ ነበር። በደንቡ ካፒቴኑ ብቻ ወርዶ ለጉምሩክ ይደውላል፤ ሌላው እስኪፈቀድለት ንቅንቅ አይልም።

ባለቤቴ አልማዝ በየዓመቱ ሰመር ላይ፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ ጀልባዋ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። ወረቀቱንም የምትሞላው እሷ ነበረች። እኔ ፊደል ላይ ደካማ ነኝ፤ ነፋስ ላይ ግን የሚደርስብኝ የለም።

«የሁለተኛውን ሰው ፓስፖርት ቁጥር ይንገሩኝ» አለኝ።

የሷ ፓስፖርት ከኔው ጋር በላስቲክ እንደታሰረ ነው። ማንበብ ጀመርኩ። አራተኛው ቁጥር ላይ አቆምኩ።

«ሰር፣ ሁለተኛው ሰው አሁን አብሮዎት ነው?»

«ባለቤቴ ናት። ጥር ላይ ሞታለች።»

«በጣም አዝናለሁ። አንድ ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

ቀብሯ ላይ ሰው ፊት ያላለቀስኩት ሰውዬ፣ ያቺን «አንድ» ለማለት ወደቡ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሲፈቀድልን ሁልጊዜ «አልሙ፣ ውረጂ!» ብዬ እጣራ ነበር። ዛሬም ወደ ጀልባዋ ዞርኩና ቃሉ አፌ ላይ ቀረ።

ሞት የለያችሁ ሰዎች፣ መጀመሪያ «አንድ ነኝ» ያላችሁት የት ነው? ጻፉልኝ። ልጄ «አባዬ፣ ላንብብልህ» ብላኝ እምቢ ብያለሁ። የምትጽፉልኝን ቀስ እያልኩ ራሴው አነበዋለሁ።