በግንቦት ይከፈታል

ታላቅ ወንድሜ ልቡ ደክሞ ቤት በዋለበት ዓመት፣ ቤታችን ውስጥ ስለ ልብ ከሚወራው ይልቅ ስለ አንድ ጉድጓድ የሚወራው ይበዛ ነበር። ጉድጓዱ ያለው ከለንደን ወጣ ብሎ፣ አንድ የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ፣ ከአረንጓዴ አጥር ጀርባ ነው። ፓርኩ አዲስ ሮለር ኮስተር እሠራለሁ ብሏል፤ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላለም። ወንድሜና መሰሎቹ ይህን ዝምታ ሲፈቱ ይውላሉ።

ሮለር ኮስተር ማለት ያው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚጮህበት ባቡር ነው። እኔ አንድ ጊዜ ተሳፍሬ ሁለተኛ አይለምደኝም ብዬ ወርጃለሁ። እሱ ግን የዛሬ ስንት ዓመት የአበሻው ኮሚኒቲ ሰዎች በሰመር፣ በፈረንጆች በጋ፣ ለሽርሽር ሲወስዱን እንደ ልጅ እየዘለለ ወደ ሰልፉ ጭራ ሲመለስ ውሎ፣ ከዚያ ወዲህ አልዳነም። አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ቀኑን ሙሉ የለንደኑን ካምደን ሰፈር እያቋረጠ ሰው ሲያመላልስ ይውላል። ምን አግኝተህበት ነው ስለው፣ «እዚያ ላይ ፍሬኑ የኔ አይደለም» ይለኝ ነበር። ለሱ ዕረፍት ማለት ይህ ነው።

መሰሎቹ እንግሊዞች ናቸው፤ ኢንተርኔት ላይ ነው የሚገናኙት፣ በአካል አይተዋወቁም። አንዱ ጡረታ የወጣ ሰውዬ ነው፤ በየሳምንቱ ፓርኩ ድረስ ይሄድና ከፍ ያለ ማማ ላይ ወጥቶ ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ፎቶ ያነሳል። ፎቶው ላይ ጭቃ አለ፣ ሲሚንቶ አለ፣ አንዳንዴ ደግሞ ኮፍያ ያደረገ ሠራተኛ ሳንድዊች ይበላል። እነሱ ግን በዚያ ጭቃ ላይ ቀኑን ሙሉ ይከራከራሉ። ሰማያዊ ብረት የጫነ መኪና ገባ ሲባል፣ አንዷ ሴት «ሰማያዊ ከሆነ ውኃ ውስጥ ይገባል ማለት ነው» ብላ ጻፈች፤ ሌላው ዋሻ ነው አለ። ወንድሜ ደግሞ ባቡሩ መሀል ላይ ቆሞ ወደኋላ ይሄዳል ባይ ነው። ማስረጃ የለውም። ሳቁበት። እሱም ተናዶ በዚያ በአውቶቡስ ሹፌር እንግሊዝኛው ረጅም መልስ ይጽፍላቸዋል። ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ እተርተው ነበር፤ ልብ አውልቅም ብዬዋለሁ፣ የልቡ ነገር ሳይታወቅ በፊት።

ሐኪሙ የነገረን በጥር ነው። ደግ ሰው ነበር፤ ወንበሩን ጎትቶ ከፊታችን ተቀመጠና፣ ኦፕሬሽን እንደማይቻል፣ ልቡ ማደንዘዣውን እንኳ እንደማይሸከም፣ መድኃኒቱም ቢሆን ለጊዜው እንጂ እንደማያድነው ነገረን። ወንድሜ ምን ያህል ጊዜ ቀረኝ አለው። ሰመርን ካየህ ጥሩ ነው አለው። የአገራችን ሐኪም ቢሆን ወንድሜን ውጪ ጠብቅ ብሎ ለኔ ብቻ በነገረኝ። እንግሊዝ አገር ግን ለባለቤቱ ነው የሚነገረው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ። መንጃ ፈቃዱን ከወሰዱበት ቆይቷልና፣ ወደ ሰፈራችን አርችዌይ ሌላ ሰው በሚነዳው አውቶቡስ ተመለስን። መንገዱን ሁሉ የሹፌሩን እጅ ሲያይ መጣ። በር ስከፍት ነው፣ «ሰመር ከሜይ በኋላ ነው አይደል?» ያለኝ።

አዲሱ ባቡር ሜይ ላይ፣ በኛ በግንቦት፣ ይከፈታል የሚል ጭምጭምታ ነበር።

«ልትሳፈር ነው? ጋሼ፣ አብደሃል?» አልኩት።

«አልሳፈርም። አጥሩ ጋ ቆሜ፣ ወደኋላ ሲሄድ ባየው ይበቃኛል።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ መተረቤን ተውኩ። ካምደን መነጽር ቤት ነው የምሠራው፤ ደንበኛ ሌንስ ሲያማርጥ እኔ ከባንኮኒው ሥር ስልኬን ቼክ አደርጋለሁ። ጭቃውን እያየሁ እጸልይ ጀመር። ሲሚንቶው እንዲደርቅ የጸለየ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ ላለችው እናታችን ምንም አልነገርናትም። ትንሽ ድካም ነው፣ መድኃኒት ጀምሯል አልናት። ይህን ማንም አበሻ ይረዳዋል፤ ልጅሽ አይድንም ተብሎ ለእናት በስልክ አይነገርም። ነገሩን ያበላሹት፣ ወይም ያሳመሩት፣ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም፣ ብርቱካን ይዘው በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ አንዲት አሮጊት ናቸው።

ሴትዮዋ ከሌላው የለንደን ጫፍ፣ ከብሪክስተን ነው የመጡት፤ በቤተ ክርስቲያን ነው የምናውቃቸው። ልባቸው ደግ ነው፣ ሆዳቸው ግን ነገር አይቋጥርም። የዚያን ቀን ጠዋት ፓርኩ ስለ አዲሱ ባቡር ማስታወቂያ አውጥቶ ስለነበር፣ ወንድሜ ከነፒጃማው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ፊቱ በርቷል። እኔ ኩሽና ሻይ እያፈላሁ ነው።

«እንዴት ነህ ልጄ?» አሉት ገና ሳይቀመጡ።

«ደስ የሚል ዜና አለ እትዬ! በግንቦት ይከፈታል!»

«ተመስገን! ቁርጡን ነገሩህ?»

«ዛሬ ጠዋት ለሁላችንም ነገሩን።»

«ማን ነው የሚከፍተው? እነዚሁ እንግሊዞች ናቸው?»

«ሥራው የጀርመኖች ነው።»

«ጀርመንማ እጁ የተባረከ ነው። ብዙ ሰዓት ይፈጃል?»

«ኧረ ሁለት ደቂቃም አይሞላ።»

«አይ ዘንድሮ! ሁሉ ነገር በማሽን ሆነ። ሌላ ሰው ላይ ሞክረውታል?»

«ገና ነው። መጀመሪያ ውኃ በተሞላ አሻንጉሊት ነው የሚሞክሩት።»

ሴትዮዋ አማተቡ። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ፣ ሰው ሲታመም የሚወደውን ማውራት ያውቁበታል ብዬ አመሰገንኳቸው። ወንድሜም ከአበሻ መሀል ነገሬ ያለው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት፣ እስከ አሳንሰሩ ድረስ ልሸኝዎት ብሎ ተነሳ። ከታመመ ወዲህ ማንንም ሸኝቶ አያውቅም።

እሑድ እናታችን ደወለች። ስልኩ ላውድ ላይ ነው። ሰላምታም አላስጨረሰችን።

«ምነው ደበቃችሁኝ? በግንቦት ይከፈትልሃል አሉኝ! የብሪክስተኗ ሴትዮ እኅት ከቅዳሴ ስንወጣ ነገረችኝ። ደረትህን ከፍተው ይጠግኑልሃል አለችኝ። ለገብርኤል ጃንጥላ ተስያለሁ!»

ያኔ ነው የገባን። ማን ይከፍተዋል፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ውኃ የተሞላ አሻንጉሊት፤ ሁሉም አንድ ላይ ዞሮ መጣብኝ። አፌን ልከፍት ስል ወንድሜ እጄን ያዘኝ።

«አዎ እማዬ» አላት። «በግንቦት ነው።»

ስልኩ እንደተዘጋ ጮኽኩበት። ምን ነካህ፣ ግንቦት ሲመጣ ምን ልንላት ነው፣ በእናት ይቀለዳል ወይ አልኩት። እሱ አስጨረሰኝና፣

«ታዲያ አይከፈትም ልበላት?» አለኝ።

ተነስቼ የማታ መድኃኒቱን አመጣሁለት።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ትደውላለች፤ በየእሑዱም እሱ የፓርኩን ወሬ ይነግራታል። መሣሪያው ደረሰ ወይ ትለዋለች፤ በመርከብ ገብቷል ይላታል። ሠራተኞቹ ጠንቃቆች ናቸው ወይ ትለዋለች፤ ብሎኑን ሁሉ አንድ በአንድ ያያሉ ይላታል። ብሎን ምንድነው ስትል፣ ያው የሚያጠብቀው ነው ይላታል። ስልኩን ሲዘጋ፣ «አንድም ቃል አልዋሸሁም» ብሎ ይኮራብኛል። እውነቱን ነው፣ አልዋሸም። እኔ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቅሳለሁ። እግሩ ማበጥ ጀምሮ ነበር፤ ጫማ እምቢ ብሎት በነጠላ ጫማ ነው የሚሄደው፤ ተጋድሞ መተኛት ስላቃተው በሦስት ትራስ ተደግፎ ያድራል። እናቴ ዐቢይ ጾምን በሙሉ ለዚያ ብረት ስትሰግድ ከረመች።

ከፋሲካ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ያ ጡረተኛ ሰውዬ ያነሳው ፎቶ ላይ ሐዲዱ አልቆ ይታያል፤ ባቡር ግን የለበትም። ሠራተኞቹም የሉም። ክርክሩ ጦፈ፤ ሐዲዱ ስህተት አለበት ያለም፣ ገንዘብ አልቆባቸው ነው ያለም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ፓርኩ አጭር መግለጫ አወጣ፤ ደንበኞቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን፣ አዲሱ ባቡር የሚከፈተው በሚቀጥለው ዓመት ነው የሚል።

የወንድሜ መሰሎች ተበሳጩ፣ ተሳደቡ፣ ከዚያ ለመዱት። አንዱማ፣ «እስካሁን ጠብቀን የለ፣ አንድ ዓመት ምን አላት» ብሎ ጻፈ። ያ ሰው በጊዜው ፊቴ ቢኖር በጥፊ እለው ነበር። ምንም አላጠፋም፤ ግን እለው ነበር።

ወንድሜ መግለጫውን አነበበው፣ ደገመው፣ ውኃ ስጪኝ አለኝ። ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰልኝ።

«እማዬን ምን እንበላት?» አልኩት። «እኔ ልንገራት።»

«እኔ ነኝ የምነግራት። የጀመርኩት እኔ ነኝ።»

እሑድ ደወለች። ግንቦት ሊገባ ነው፣ ቀኑን ቁረጡልኝና የዚያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ላድር አለች። ወንድሜ ትንፋሹ እያጠረው፣ በየመሀሉ እያረፈ ነው የሚያወራው።

«እማዬ፣ ተላልፏል።»

«ተላልፏል? ለመቼ?»

«ለከርሞ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ልቅሶዋን እየጠበቅሁ ስልኩን ከእጁ ልቀበለው ስል፣ ከዚያኛው ጫፍ እልልታ መጣ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ እልል ስትል ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤት ሰምቶ ምን ተገኘ ሲላት በስልኩ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ ተላልፏል እኮ ነው ያልኩሽ!» አላት ወንድሜ።

«ሰምቼሃለሁ! የኔ ልጅ፣ ለሚሞት ሰው የከርሞ ቀጠሮ ይሰጣል እንዴ? የሚያሰጋ ቢሆን ዛሬ ነገ ሳይሉ ይከፍቱህ ነበር። እኔን እንቅልፍ የነሳኝኮ ግንቦት መሆኑ ነው። ምን አስቸኮላቸው፣ ምን ቢያዩበት ነው እያልኩ። አሁን ዛሬ እተኛለሁ።»

«እሺ እማዬ።»

«ለከርሞ ወረቀቴን አስጨርሱልኝ። ሲከፍቱህ አጠገብህ ልሁን።»

«እሺ እማዬ።»

ስልኩ ተዘጋ። ወንድሜ ትራሱን ተደግፎ ግድግዳውን ያያል። ሐኪሙ ሲነግረው አላለቀሰም፤ አሁን እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። አጠገቡ ተቀምጬ እግሩን ያዝኩት። ስይዘው የጣቴ ምልክት እብጠቱ ላይ ቀረ።

«ስሞት፣ ሲከፍቱት ሞተ በያት» አለኝ።

«ተው እንጂ ጋሼ።»

«ስሚኝ። ምንም ሳይደረግለት ሞተ ብለሽ እንዳትነግሪያት። ተሞከረለት ትበል። ሰው ነገሬ ብሎ እጁን አስገባበት ትበል።»

ስለ ባቡሩ ከዚያ ወዲያ አላነሳም። ኮምፒውተሩን ስከፍትለት ዝጊው ይለኛል። ሰመርን ሐኪሙ እንዳለው አየ፤ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ሆኖ ነው ያየው፣ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሁሉ ማን እንደሚነዳው እየገመተ። በነሐሴ፣ ሻይ ላቀርብለት ስገባ፣ ሞቶ አገኘሁት።

አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶቻችን የተናዘዘውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው፣ ልጅሽ ኦፕራሲዮን ላይ አረፈ፣ ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገውለታል ብለው አረዷት። ሐኪም ትረግማለች ብሎ የፈራ ነበር፤ አልረገመችም። ያኔም የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አሁንም በደወልኩ ቁጥር ያንኑ ነው የምትጠይቀኝ።

«ለከርሞ ብለውት አልነበር እንዴ፣ ልጄ? ማን ነው ቀጠሮውን ያፈጠነው?»